ሣርም ሙያ ነው
(ጅንካ ላይ ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



«ሣር» ብሎ ለመጻፍ ሁለት ፊደል ይበቃል። ሣ እና ር። ፊደል ቆጥራችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጻፋችኋቸው ቃላት አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ነገሩ ግን እንደ ቃሉ አጭር አይደለም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ስለ ሣር ነው። ለይቼ ልናገርና፣ የምንነጋገረው የሣር ሜዳ መንከባከብን የዕድሜ ልክ ሙያ አድርገው ስለሚይዙ ሰዎች ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጅ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ይመላለሳል። አባት ጊደር ሸጦ ደብተር ይገዛል። እናት ከቡናዋና ከበቆሎዋ ቀንሳ ገበያ ታወጣለች፤ በዚያ ገንዘብ ልብስና ጫማ ትገዛለች። ልጁም ትምህርቱን ሲጨርስ ሐኪም፣ መምህር ወይም መሐንዲስ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ታዲያ ይህ ልጅ መጥቶ፣ «እኔ የምማረው የሣር ሜዳ አያያዝ ነው» ቢል ቤተ ሰቡ ምን ይላል? «ሣርማ እዚሁ ሞልቶ የለም እንዴ! ጊደሬን የሸጥሁት ለዚህ ነው?» ይላል። ጎረቤትም ይስቃል።

መሳቁ አያስገርምም። ሣር ሳንዘራው ይበቅላል፤ ሳንጠራው ይመጣል። ከእርሻችን ላይ ስንነቅለው የምንውለውም እሱን ነው። ነገር ግን አንድ ነገር በብዛት ስላለ ሙያ አይሆንም ማለት አይደለም። ድንጋይም ሞልቷል፤ ግንበኛ ግን ባለ ሙያ ነው። አፈርም ሞልቷል፤ ሸክላ ሠሪ ግን ባለ ሙያ ናት። ዛሬ ላስረዳ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ሣር መንከባከብ ዕውቀትን የሚጠይቅ፣ እንጀራም የሚያበላ ሙያ ነው። የገበሬና የአርብቶ አደር ልጅ ደግሞ የዚህን ሙያ እኩሌታ ከቤቱ ይዞ ይወጣል።

እስቲ በመጀመሪያ ሣር ማለት ምን እንደ ሆነ እንይ። ጤፍ ከሣር ወገን ነው። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ገብስም ከሣር ወገን ናቸው። ሸንኮራ አገዳም፣ ቀርከሃም እንዲሁ። ስለዚህ እንጀራ የበላ ሰው ሁሉ የሣር ፍሬ በልቷል። ወተት የጠጣም ላሟ የጋጠችውን ሣር ጠጥቷል። ቤታችንን የምንከድነው በሣር ነው። እንግዳ ሲመጣ ወለሉ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዘን ቡና እናፈላለን። ሰው ያለ ሣር መኖር አይችልም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይሁን እንጂ የዛሬው ነገራችን ስለሚበላውና ስለሚከደነው ሣር አይደለም። ሰው ስለሚራመድበት፣ ስለሚጫወትበት፣ ስለሚያርፍበት ሣር ነው። ይህ ሣር የሚፈለገው መሬቱን ሸፍኖ እንዲይዝ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ እንዳይሆን፣ ፀሐይ ሲወጣ አቧራ እንዳይነሣ፣ የወደቀ ልጅ ጉልበቱ እንዳይላጥ ያደርጋል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ጅንካን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። በከተማይቱ መካከል ረጅም የሣር ሜዳ ነበረ። ያ ሜዳ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ከተማዋ ያደገችው በዚያ ሜዳ ዙሪያ ነው። አውሮፕላን በማይኖርበት ጊዜ ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ገበያተኛም ያቋርጠዋል። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብቱ ይነዳና ሜዳው ይለቀቃል። በኋላ አዲስ ባለ አስፋልት ማረፊያ ተሠራና አውሮፕላኑ ወደዚያ ተዛወረ።

ለመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን ያን ከባድ ብረት የተሸከመው ምን ነበር? ሣር ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር የሣሩ ሥር ነው። ሥሩ አፈሩን እንደ ገመድ ጠፍሮ ይይዘዋል። ላዩን ያሳጠረው ደግሞ የከብት ጥርስ ነው። አያችሁ፣ የጅንካ ሰው ስሙን ሳይሰማ የሣር ሜዳ አያያዝን በዓይኑ ሲያይ ኖሯል።

ከብት ጋጠው፣ ማጭድ ቆረጠው፣ ሣር ግን ተመልሶ ይበቅላል። ችግኝ ግን ጫፉን ፍየል ከቀጠፈችው ይቀጭጫል። ይህ ለምን ሆነ? የችግኝ ማደጊያው ጫፉ ላይ ነው። የሣር ማደጊያ ግን ከታች፣ ከመሬቱ አጠገብ ነው። ስለዚህ ላዩ ሲቆረጥ ከታች ይገፋል፤ ጎን ለጎንም ያወጣል። በልክ የተቆረጠ ሣር እየጠበበቀ ሄዶ እንደ ምንጣፍ ይሆናል።

«በልክ» ያልሁትን ልብ በሉ። ቅጠሉ የሣሩ ወጥ ቤት ነው። ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ከልክ በላይ ከተጋጠ ሥሩ ይራባል። ሥሩ ከተራበ ያጥራል፤ ያጠረ ሥር ደግሞ በድርቅ ጊዜ ውሃ አያገኝም። ከብት የበዛበት የግጦሽ መሬት ራሰ በራ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የሐመርና የበና፣ የሙርሲና የቦዲ እረኛ ከብቱን ከአንዱ ሣር ወደ ሌላው የሚያዛውረው ሣሩ እረፍት እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅ ነው። የኳስ ሜዳ ተንከባካቢም የሚሠራው ይህንኑ ሕግ ይዞ ነው። ልዩነቱ በከብት ፋንታ ማጨጃ መኪና፣ በዓይን ግምት ፋንታ ማስመሪያ መያዙ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሣሩ ዓይነት እንናገር። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። አህያዋ ከሣር ሁሉ መርጣ ሰርዶን የጠራችው በከንቱ አይደለም። ሰርዶ ጠንካራ ነው። ገበሬ ሰርዶን በጠላትነት ያውቀዋል። በማረሻ ቢቆራርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ሥር ሰድዶ ይበቅላል። ከመሬት በላይም ይስባል፤ ከመሬት በታችም ይስባል። ድርቅ ይችላል፤ መረገጥ ይችላል። ጥላን ግን ይጠላል።

ይህ በእርሻችን ላይ ጠላት የሆነ ሣር በኳስ ሜዳ ላይ ንጉሥ ነው። ፈረንጆች «ቤርሙዳ ሣር» ይሉታል። በዓለም ላይ በሞቃት አገር ያሉ ብዙ የኳስ ሜዳዎች የተሸፈኑት በሰርዶ ወገን ነው። በአሜሪካ፣ ጆርጂያ በሚባል ክፍለ ሀገር ቲፍተን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ግሌን በርተን የሚባል የሣር ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው ሰርዶን ከደቡብ አፍሪካ ከመጣ ዘመዱ ጋር እያዳቀለ ለሜዳ የሚሆኑ ዝርያዎችን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው «ቲፍዌይ» የሚባለው ሣር እስከ ዛሬ በብዙ አገር ሜዳ ላይ ይገኛል። ዘሩ ከአፍሪካ ሄደ፤ ስሙ ግን በአሜሪካ ከተማ ተጠራ።

ሌላም አለ። ኪኩዩ የሚባል ሣር በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በጎረቤቶቻቸው ደጋ የበቀለ ነው። ስሙን ያገኘው በኬንያ ከሚኖረው የኪኩዩ ሕዝብ ነው። ዛሬ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ የግጦሽም የጨዋታም ሜዳ ሆኗል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያም ሀብታሞች ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ ይጫወቱበታል። እንግዲህ ፈረንጅ በገንዘብ የሚገዛው ሣር ቅድመ አያቱ የእኛው አህጉር ሰው መሆኑን እወቁ።

ዘሩ ካለን የጎደለን ምንድን ነው? ሥራው ነው። የሜዳ ተንከባካቢ ሥራ ምን ምን እንደ ሆነ አንድ በአንድ ልቁጠርላችሁ።

አንደኛ፣ መሬቱን ያዘጋጃል። ኳስ ሜዳ 105 ሜትር ቁመትና 68 ሜትር ስፋት አለው። ሲባዛ 7,140 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ነው ካልን፣ ሜዳው ሦስት ጥማድ ለመሙላት ጥቂት ይቀረዋል። ይህን ሁሉ መሬት ድንጋዩን ለቅሞ፣ አስተካክሎ፣ መካከሉን ጥቂት ከፍ አድርጎ ወደ ዳር እንዲያዘነብል ያደርጋል። አለዚያ ውሃ ይተኛበታል። ውሃ በተኛበት ሥር ይበሰብሳል።

ሁለተኛ፣ ይተክላል። ሰርዶን ከዘሩ ይልቅ በቁራጩ መትከል ይቀላል። በእኛ አካባቢ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ትንሹም በመስከረምና በኅዳር መካከል ይመጣል። አዋቂ የሆነ ዝናቡ ሊገባ ሲል ይተክላል። ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ያጭዳል። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ። በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ከሲሶ በላይ አይቆረጥም። ሦስት ጣት የደረሰውን አንድ ጣት ብቻ ትቆርጣለህ። የኳስ ሜዳ ሣር ብዙውን ጊዜ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው። ይህም ሁለት ጣት ጎን ለጎን ቢጋደሙ ከሚሞሉት አይበልጥም። ምላጩ ስለታም መሆን አለበት። የደነዘ ምላጭ ሣሩን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ የተቀደደው ጫፍም ይደርቃል።

አራተኛ፣ ያበላል። ሣር ቢጫ ከሆነና ውሃ ካልጎደለው ምግብ ፈልጓል ማለት ሊሆን ይችላል። የበሰበሰ ፍግ ወይም ዩሪያ ይሰጠዋል። የዩሪያ ከረጢት ላይ 46 የሚል ቁጥር ታነባላችሁ። ትርጉሙ ከ100 ኪሎ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን የሚባለው የቅጠል ምግብ ነው ማለት ነው። ታዲያ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ ስንት አለ? 23 ኪሎ። ይህን ማንበብና ማስላት የቻለ ሰው ገንዘቡን አይበትንም፤ ሣሩንም አያቃጥልም።

አምስተኛ፣ መሬቱን ያስተነፍሳል። በእግር ብዛት የተጠቀጠቀ አፈር እንደ ጡብ ይጠነክራል። አየርም ውሃም አይገባውም። ስለዚህ ሹል ብረት ባለው መሣሪያ እየወጋ ይበሳዋል፤ በቀዳዳውም አሸዋ ይሞላል። ሜዳውንም ያሳርፋል። በየቀኑ የሚረገጥ ሜዳ እንደማያርፍ በሬ ነው፤ አንድ ቀን ይወድቃል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሜዳው ለምን ያን ያህል ያስፈልገናል? የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ አንድ የሁላችንንም ልብ የነካ ነገር ላንሣ።

በጥር ወር 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው በአገራችን፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ነበር። ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በራሷ ሜዳ፣ በራሷ ሕዝብ ፊት። በዚያ ቀን የነበረው እልልታ እስከ ዛሬ ይወራል።

አሁን ደግሞ ስድሳ ዓመት ወደፊት እንምጣ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየም ደረጃውን አያሟላም አለ። ጉድለቱ ሣሩ ብቻ አልነበረም፤ የሕንፃውም የመብራቱም ጉዳይ ነበረበት። ነገር ግን የመጫወቻው ሜዳ ጥራትም ከተቆጠሩት ጉድለቶች አንዱ ነበር። ሌላም የሚተካ ስታዲየም አልተገኘም። ስለዚህ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ብሔራዊ ቡድናችን ጋናን «በሜዳው» የገጠመው ጆሃንስበርግ፣ ደቡብ አፍሪካ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ያንኑ የግብፅን ቡድን ገጠመች። 2 ለ 0 አሸነፈች። የት? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ከተማ ውስጥ።

አስቡት እስቲ። ድግሱ የእኛ፣ ሙሽራው የእኛ፣ ዳሱ ግን የሰው አገር ዳስ። ልጆቻችን ሮጠው አሸነፉ፤ እናቶቻቸው ግን ሜዳው ዳር ቆመው እልል ማለት አልቻሉም። ቡድኑ ለጉዞና ለማረፊያ ያወጣው ገንዘብም በሰው አገር ቀረ። ስታዲየም በሲሚንቶና በብረት ብቻ አይቆምም። ግንቡን ገንብቶ የሄደ ሰው ሣሩን አያጭድም፤ አያጠጣም። ጠዋት ማታ የሚያየው ባለ ሙያ ያስፈልገዋል። ያ ባለ ሙያ ከየት ይመጣል? ከእኛ ልጆች መካከል ካልመጣ ከሰው አገር በውድ ዋጋ ይመጣል።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይጠናል። እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ዋንጫ በአሜሪካ ሲካሄድ ከስታዲየሞቹ አንዱ ጣራው ሙሉ በሙሉ የተከደነ ነበር። ፀሐይ የማያይ ሣር ደግሞ አይኖርም። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ምን አደረጉ? ሣሩን ውጪ፣ ፀሐይ ላይ በትልልቅ ሣጥኖች አበቀሉና ለጨዋታው ወደ ውስጥ አስገብተው ገጣጠሙት። ለ2026 የዓለም ዋንጫም የዚሁ ዩኒቨርሲቲና የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሣሩን ለዓመታት አጥንተዋል። እነዚህ ሰዎች በአገራቸው የተከበሩ መምህራን ናቸው። «ሣር ተማረ» ተብሎ የሚስቅባቸው የለም።

ሣርን በሥርዓት መያዝ ግን የፈረንጅ ግኝት አይደለም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሣ የሚባል ከፍተኛ ቦታ አለ። ስሙን ያገኘው እዚያ ከሚበቅለው ጓሣ ከተባለው ሣር ነው። የአካባቢው ሕዝብ ይህን ሣር በመቶ በሚቆጠሩ ዓመታት ዕድሜ ባለው በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሕዝቡ አለቃ ይመርጣል። አለቃው ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋል። ሣሩ በቂ ሲሆን በተወሰነ ቀን ይከፈታል፤ ሁሉም ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱ፣ ለከብቱ ይወስዳል። ከተፈቀደው ቀን በፊት ያጨደ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ይዞታው ሲለወጥ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን እንደገና ይዞታል። እንግዲህ በእኛ አገር ሣር ጠባቂ መሆን በሕዝብ ምርጫ የሚሰጥ ክብር ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሙያ የፈለገ ልጅ ወይም ልጅት የት ይማራል? የት ይሠራል?

መንገዱ በግብርና ትምህርት በኩል ነው። የዕፀዋት፣ የአትክልት፣ የአፈርና የግጦሽ ትምህርት በግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። እዚሁ ጅንካ ዩኒቨርሲቲ አለን። ጅንካ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለ። በአዲስ አበባ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከ18,000 በላይ የመኖ ዕፀዋት ዘር ናሙናዎችን ሰብስቦ ያስቀመጠ የዘር ባንክ አለው፤ ከእነሱም መካከል ሣር ይገኝበታል። አያችሁ፣ ብር በባንክ እንደሚቀመጥ ሁሉ የሣርም ዘር በባንክ ይቀመጣል።

ሥራውስ? ስታዲየም አለ። የየዩኒቨርሲቲውና የየትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ አለ። ጎብኚ የሚያርፍባቸው ሎጆችና ሆቴሎች በኦሞ ሸለቆ መንገድ ላይ አሉ። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድነት ፓርክ፣ የወዳጅነት ፓርክና የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፍተዋል። ይህ ሁሉ ሣር ተካይና ተንከባካቢ ይፈልጋል። ሥራ እስኪገኝ የማይጠብቅ ወጣትም ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ የሣር ችግኝ ጣቢያ ሊያቋቁም፣ ሣር አብቅሎ በካሬ ሜትር ሊሸጥ ይችላል።

ደግሞም ይህ ዕውቀት በሜዳ ብቻ አይቀርም። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በጋሞ በጨንቻ፣ ደሾ የሚባለውን ሣር ገበሬዎች በተዳፋት እርሻ ላይ በመስመር ይተክሉታል። አፈሩን ከመታጠብ ያድናል፤ ታጭዶም ለከብት መኖ ይሆናል። ሣር ያወቀ ሰው ስታዲየም ባያገኝ እርሻውን ያድንበታል፤ ላሙን ያበላበታል።

ይሁን እንጂ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን የሙያውን ገደልም ማየት ይገባናል።

የመጀመሪያው ገደል ውሃ ነው። አንድ ኳስ ሜዳ በደረቅ ወቅት በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣ ብንል፣ 35,700 ሊትር ይሆናል። ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1,785 ጀሪካን ነው። በቆላው ያለች እናት አንዱን ጀሪካን ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደምትሄድ እናንተ ታውቃላችሁ። የሰውንና የከብትን ውሃ ቀምቶ ሣር ማጠጣት ሙያ አይደለም፤ በደል ነው። እውነተኛ ባለ ሙያ ለቦታው የሚስማማ፣ ድርቅ የሚችል ሣር ይመርጣል። የዝናብ ውሃ ያጠራቅማል። በበጋ ሣሩ ትንሽ ቢገረጣ አይደነግጥም። ሰርዶ ደርቆ ሞተ ሲባል ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ይነሣል።

ሁለተኛው ገደል መሬት ነው። ለጌጥ ሣር ተብሎ የገበሬው እርሻ ወይም የአርብቶ አደሩ ግጦሽ ሊወሰድ አይገባም። ሜዳ የሚሠራው ሜዳ በሚገባው ቦታ፣ ሕዝብ መክሮበት ነው።

ሦስተኛው ገደል መድኃኒት ነው። የአረምና የተባይ መድኃኒት መርዝ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያላነበበ ሰው ራሱንም ወንዙንም ይበክላል። ነገር ግን እናንተ ዛሬ ማንበብ ችላችኋል። ስለዚህ የመድኃኒት ዕቃ ሳታነቡ አትክፈቱ፤ ባዶውንም ዕቃ ለውሃ መቅጃ አታድርጉት።

አራተኛው፣ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ጎል ያገባው ልጅ ይጨበጨብለታል። ሣሩን ያጨደው ሰው ግን ስሙ አይጠራም። ሜዳው ሲያምር ማንም አያየውም፤ ሲበላሽ ግን ሁሉም ይጮኽበታል። ጭብጨባ የሚወድ ልጅ ለዚህ ሙያ አይሆንም።

ስለዚህ ልጃችሁ «ሣር ልማር» ብሎ ቢመጣ አትሳቁበት፤ ዝም ብላችሁም እሺ አትበሉት። ሦስት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ «በፀሐይና በዝናብ ውጪ መዋል፣ አንድ ሥራ በየቀኑ ሳይሰለቹ መሥራት ትወዳለህ ወይ?» በሉት። ሁለተኛ፣ «የት ነው የምትማረው? ስትጨርስ የምታገኘው ወረቀት ምን ይላል?» በሉት። ሦስተኛ፣ «የምትመኘው ሥራ ባይገኝ በዚህ ዕውቀት ሌላ ምን ትሠራበታለህ?» በሉት። ሦስቱንም አጥርቶ ከመለሰ ነገሩን አስቦበታል። ሴት ልጃችሁም ብትሆን ጥያቄው ያው ነው። ለቤት ክዳን ሣር አጭደው በጀርባቸው ተሸክመው የሚያመጡት ሴቶች አይደሉም እንዴ? ሣርን ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል?

ምኞቱን በሥራ መፈተንም ይቻላል። ከቤቱ ጓሮ ወይም ከትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ሦስት መደቦች ይለኩ። በሦስቱም ላይ በዝናብ መግቢያ ሰርዶ ይተከል። ሣሩ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ አንደኛው መደብ በየሳምንቱ እስከ ሥሩ ይታጨድ። ሁለተኛው በሲሶው ሕግ ይታጨድ። ሦስተኛው ጨርሶ አይታጨድ። ልጁ በየሳምንቱ ቀኑን፣ ዝናቡን፣ የሣሩን ቁመትና መልክ በደብተር ይጻፍ። እናንተም ከአጠገቡ ሆናችሁ አንብቡለት። ከሁለት ወር በኋላ የትኛው መደብ እንደ ምንጣፍ እንደ ሆነ፣ የትኛው ራሰ በራ እንደ ሆነ፣ የትኛው ሙጃ እንደ ሆነ መሬቱ ራሱ ይናገራል። ልጁም በሁለተኛው ወር ደብተሩን ካልጣለ፣ ይህ ልጅ ሙያውን ይወደዋል ማለት ነው።

ወገኖቼ፤ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። ሙያ የሚከበረው ስሙ ስለ ረዘመ አይደለም። ሠሪው በሚገባ ስለ ሠራው፣ ሰውም ስለ ተጠቀመበት ነው። አንድ ቀን ብሔራዊ ቡድናችን በራሱ ሜዳ ሲጫወት፣ ከእግሩ ሥር ያለውን ሣር የተከለው የደቡብ ኦሞ ገበሬ ልጅ ቢሆን ምን ይከለክለዋል? ዘሩ የእኛ ነው። መሬቱ የእኛ ነው። የጎደለው የተማረ እጅ ነው፤ እሱም በየቤታችን እያደገ ነው።

አሁን የእናንተ ተራ ነው። በእነዚህ ላይ እንነጋገር፦

1. በቀበሌያችን ውስጥ ቶሎ የሚደርቀው ሣር የትኛው ነው? ድርቅ የሚችለውስ?
2. የልጆቻችን ኳስ ሜዳ አቧራና ጭቃ የሆነው ለምንድን ነው? ያለ ብዙ ውሃ ምን ሊደረግለት ይችላል?
3. ልጃችን እኛ ያላሰብነውን ሙያ ቢመርጥ ምን እንጠይቀዋለን?